የማድረቂያው ቤት ቀዳዳ

ደብረ ብርሃን ላይ በክረምት ያጠቡት ልብስ አይደርቅም፤ ይሰነብትና ይሸታል። በሃምሳዎቹ አጋማሽ እኔ ጠዋት ሦስተኛ ክፍል፣ ከልጆች መሀል እንደ እናታቸው ተቀምጬ እማራለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከከተማው ዳር ባለች ትንሽ ክሊኒክ የበሽተኞችን አንሶላ አጥባለሁ። ወደ ሥራው ያስገቡኝ ከአንኮበር የመጡ ባልቴት ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ባልም ልጅም የላቸው። ቤትም ስላልነበራቸው የሚያድሩት እዚያው ማድረቂያው ቤት ውስጥ ነበር።

ማድረቂያው ቤት ክሊኒኩን ያሠራው ፈረንጅ ያቆመው ጠባብ የድንጋይ ክፍል ነው። መሀሉ ላይ የብረት ምድጃ አለ፤ ከግድግዳ ግድግዳ ሽቦ ተወጥሯል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። እሳቱ ሲነድ ፊት ይለበልባል። አንሶላው ግን እንደ ሞቀ እርጥብ ነው፤ ሲነኩት ያቃጥላል፣ ሲጨብጡት እጅ ያርሳል።

በነሐሴ አንዲት አራስ እርጥብ አንሶላ ላይ ተኝታ አደረች፤ ሕፃኑንም ሳል ጀመረው። ከአጠገቧ የተኙት ሴቶች ዘንድሮ ጥምቀት በነሐሴ ዋለ እያሉ አላገጡ። የክሊኒኩ ኃላፊ፣ መርፌ ወጊና ቁስል አጣቢው ድሬሰር ግን አልሳቀም። እስከ እንቁጣጣሽ አንሶላው ደርቆ ካላገኘው ባልቴቷን አሰናብቶ ጉልበት ያላት አጣቢ እንደሚቀጥር ነገረን። ይህን ሲል እሳቸውን አላያቸውም፤ እኔን ነው ያየው።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርነው የለም። የባሕር ዛፉ እንጨት እርጥብ ነው ብለን ደረቅ ጥድ አመጣን። አመዱን ጠረግን፣ የጭስ ማውጫውን ጥላሸት አራገፍን። አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘን እንደ ገመድ ጠመዘዝነው። በመጨረሻ እትዬ ጠበል አምጥተው ምድጃውን ረጩት። ልናደርቅ ነው ወይስ ልናርስ ብላቸው፣

«አንቺን ደግሞ ትምህርቱ ገና ሲጀምርሽ ነው» አሉኝ።

አንድ ቀን እንጨት ታቅፌ በሩን ስከፍት ነጭ እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ቆም ብዬ አየሁ። ቆርቆሮው ያልበዋል፤ ጠብታው ተመልሶ አንሶላው ላይ ይወርዳል። ውሃው ከጨርቁ ይወጣል፣ ከቤቱ ግን አይወጣም ማለት ነው። መውጫ ፈለግሁ። ከምድጃው ትይዩ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ጆንያና የበግ ጠጉር የተጠቀጠቀበት ቀዳዳ አገኘሁ። ፈረንጁ ለዚሁ የተወው ነበር።

ማን እንደ ደፈነው ሳልጠይቅ እትዬ ራሳቸው ነገሩኝ። አንኮበር ሳሉ በአንድ ክረምት ሁለት ልጆቻቸውን ቀብረዋል። የቤታቸው ግድግዳ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ የወሰዳቸው በስንጥቁ የገባው ነፋስ ነው። የሜዳ ነፋስ ሰው አይገድልም፣ በቀዳዳ የገባ ነው የሚገድል፤ በአገራችን ይህን የማያውቅ አልነበረም። ስለዚህ እዚህ ቤት እንደ ገቡ የመጀመሪያ ሥራቸው ቀዳዳውን መድፈን ሆነ።

«እትዬ፣ ይህ ካልተከፈተ አይደርቅም» አልኳቸው።

ቀና ብለው ቀዳዳውን አዩና፣ «ከተከፈተስ እኔ የት አድራለሁ?» አሉ።

እኔ ራሴ አክስቴ ዘንድ ተጠግቼ፣ ከእሷ ጋር በአንድ መደብ ላይ የምተኛ ነኝ። እሳቸውን የማሳድርበት የለኝም። ቀን ከፍተን ማታ እንድፈን አልኩ። ሞከርነው፤ አልሆነም። የምናጥበው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አንሶላው የሚደርቀው ሌሊት ነው፤ ማታ መድፈን ያው እንደ ድሮው ነው።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ እሳቸው ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው ጠጉሩን ጎትተው አወጡት። እኔ መሰላሉን ይዤ ነበር። ሲወርዱ፣ «እንጀራዬ ከሚሄድ እኔ ብሄድ ይሻላል» አሉ፤ እንደ ቀላል ነገር።

በማግስቱ አንሶላው እንደ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ አገኘነው። ድሬሰሩ ጉንጩ ላይ አድርጎ ሞከረው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ። የማሰናበቱን ነገርም ዳግመኛ አላነሳም።

እትዬ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበው እዚያው ማደራቸውን ቀጠሉ። ክረምቱን አለፉት። በጥቅምት ውርጩ ሲመጣ ግን ጎናቸውን ወጋቸው። አልጋዎቹ ሁሉ ስለ ተያዙ መድኃኒት የሚሰጣቸው እዚያው በመደባቸው ላይ ነበር። ድሬሰሩ የቆየ የሳንባ በሽታ ነው፣ ከቀዳዳው ጋር አይገናኝም አለኝ። ኋላ ያነበብኳቸው መጻሕፍትም ከእሱ ጋር ናቸው። እትዬን ግን ያስረዳ የለም፤ ነፋሱ በየት ገብቶ በየትኛው ጎናቸው እንደ ተቀመጠ በጣታቸው እየተከተሉ ያሳዩኝ ነበር።

«ልድፈነው?» አልኳቸው።

«አንሶላው አሁንም ይደርቃል?»

«ይደርቃል።»

«እንግዲያ ተይው።»

በኅዳር ቀበርናቸው። ከቀብር ስንመለስ ፀሐይ ገና ስለነበረች ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። አንሶላው ሁሉ ደርቆ ሽቦው ላይ ተሰቅሏል። አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱን ጫፍ ከበሩ እጀታ ጋር አስሬ፣ ሌላውን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩና ወጠርኩት። ያጠፍኩት ጠማማ ሆነብኝ። ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ።