ሻኪሶ የቀረው ወንድም

የሺሐረግ ቃሊቲ ባለ አንድ የክር ፋብሪካ ትሠራለች፤ የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእናቷ ጋር ነው። ታናሽ ወንድሟ ወንድዬ ወርቅ ልቆፍር ብሎ ሻኪሶ ከወረደ በኋላ ደጋግሞ ይደውል ነበር። ክረምቱ ሲያልቅ ግን ድምፁ ጠፋ። እናቷ እህል አልበላ ሲላቸው የሺሐረግ ከአለቃዋ ፈቃድ ለምና ከቃሊቲ መናኸሪያ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ሐዋሳ አድራ በማግስቱ ሻኪሶ ገባች። ከተማው ጉም ለብሷል፣ መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። የገበያ ቀን ስለነበር የጉጂ ሴቶች ባለትዳር የምትይዘውን ሲንቄ የተባለ በትር ይዘው ያልፋሉ። አቃቂ ተወልዳ ስላደገች ኦሮምኛ አይቸግራትም። ለአንድ ወርቅ ገዢ የወንድሟን ፎቶ አሳየችው። ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«ሞቷል?» አለችው።

«እሱስ አለ። አዴ ዳሲቱ የሚባሉ እናት ቤት ነው። የሞተው የእሳቸው ልጅ ነው።»

ወንድዬና የአዴ ዳሲቱ ልጅ መገርሳ አብረው ይቆፍሩ ነበር። ዝናብ ያራሰው ጉድጓድ ወንድዬ ላይ ተናደ። መገርሳ ገብቶ ጎትቶ አወጣው። እሱ ራሱ ሳይወጣ ግን አፈሩ እንደገና ተናደ።

ወንድሟን ከአዴ ዳሲቱ ጓሮ እንሰት ሲኮተኩት አገኘችው። ከስቷል።

«ምነው ድምፅህን አጠፋህ? እማዬ እኮ ሞተሃል ብላ ልታብድ ነው።»

«ምን ልበላት? ያንቺ ልጅ ተርፎ የሌላ ሰው ልጅ ሞተ ልበላት?»

አዴ ዳሲቱ ከገበያ ሲመለሱ እንግዳዋን አስቀምጠው ወተት ሰጧት። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ውሰጂው ልጄ። እኔ አልያዝኩትም፤ ሂድ እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን ሳየው ልጄ የመጣ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዓይኑን ማየት ያቅተኛል።»

የሺሐረግ «እግዜር ያጽናዎት» ብቻ አለች።

በማግስቱ አዴ ዳሲቱ እንደ አገሩ ወግ የቡና ፍሬ በቅቤ ቀልተው፣ ጎረቤት ሽማግሌ ጠርተው መንገዷን አስመረቁላት። ወንድዬ ግን አልሄድም አለ። ብትለምነውም፣ ብትቆጣውም አልሆነም። በስልኳ ከእናቱ ጋር ስታገናኘው «እማዬ» ብሎ ስልኩን መልሶ ሰጣት።

ብቻዋን ተመለሰች። እናቷ ሁሉንም ሰምተው «ያቺ ሴት ታበላዋለች?» አሉ።

«ታበላዋለች።»

«እንግዲህ ምን እላታለሁ?»

አሁን ወንድዬ ይደውላል። እናቱ ስለ ጤናው ይጠይቁታል እንጂ መቼ ትመጣለህ አይሉትም። ባለፈው ሳምንት የሺሐረግ ከፋብሪካው በር ላይ ሆና ስታናግረው ከጀርባው የአካፋ ድምፅ ሰማች።

«የት ነህ?»

«ጉድጓዱ ጋ። የመገርሳን ቦታ ሌላ ሰው ሊይዘው ነበር። አላስችል አለኝና እኔው ገባሁበት።»

እቤት ስትገባ እናቷ «ደወለ?» አሏት። «ደህና ነው» ብላ ጫማዋን አወለቀች።