የመጋዝ ሳጥንና የኔ ጣት

እኔን ምን አገባኝ! በዕድሜዬ በመጋዝ እንጨት ቆርጬ አላውቅ፣ ፊደል አልቆጠርሁ፣ አንዴ ካጎነበስሁ ቀና ለማለት ምርኩዝና ሁለት ሰው ያስፈልገኛል፤ ደግሞ እኔው ነኝ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ለልጅ ልጄ «የመጋዝ ማስቀመጫ እኔ አሳይሻለሁ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ቁረጪ» ብዬ አፌን የከፈትሁት።

የልጄ ልጅ ሰብለ ፔዳ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አላት፤ ለተከራይ ተማሪዎች አልጋና መደርደሪያ ትሠራለች። እጇ ወርቅ ነው፤ ዕቃ አያያዟ ግን የጉድ ነው። ክብ ክቡን የመጋዝ ምላጭ ሁሉ አንድ ካርቶን ውስጥ ትወረውረዋለች፣ እዚያ ጥርስ በጥርስ ሲናከስ ይውላል፤ እንጨት የምታለሰልስበት ክብ የብርጭቆ ወረቀት ደግሞ የሐይቁ እርጥበት ሲያገኘው እንደ ደረቀ ቅጠል ይጠቀለላል። ባለፈው ክረምት ምሳዋን ይዤላት ስሄድ ዋንዛ ስትቆርጥ አገኘኋት፤ ምላጩ ደንዞ እንጨቱን መቁረጡን ትቶ ያጨሰዋል። «እማምዬ፣ ገና ሳልሠራባቸው ይደነዝዙብኛል» አለችና ወረወረችው። እኔ ግን አልሰማኋትም፤ የተቃጠለው ዋንዛ ሽታ ከሐይቁ ነፋስ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲነካው፣ እዚያው ሰጋቱራው ላይ እንደቆምሁ የስድስት ዓመት ልጅ ሆንሁ።

አባቴ አባባ አናጢ ነበሩ። ቤታችን ዛሬ አስፋልት የተኛበት የሐይቁ ዳር ነበር፣ ማታ ማታ እንቁራሪቱ ከኛ ጋር እራት የሚበላ እስኪመስል ድረስ ደጃችን ላይ ይንጫጫል፤ የአባባ አምስት መጋዞች ደግሞ አንዱ በር ሥር፣ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ እናቴ ጎመን የምትከትፍበት ቦታ ነበሩ። ለጥምቀት ቤቱ ሲለቀለቅ እኔ ብልጧ ልርዳ ብዬ ተነሣሁ። በኛ ሰፈር የማይታሰር ነገር የለም፤ ዓሣው በደንገል፣ እንጨቱ በደንገል፣ ጀልባውም ራሱ ደንገል ነው። እናም ከሐይቁ ዳር እርጥብ ደንገል ቆርጬ አምስቱንም መጋዝ አንድ ላይ ጠቀለልሁና ጥፍንግ አድርጌ አሥሬ አልጋ ሥር ሸጎጥሁት፤ በዓሉን ሙሉ ምስጋና ስጠብቅ ከረምሁ።

በዓሉ አልፎ ሲፈታ መጋዞቹ ዝገው በርበሬ መስለዋል፤ ጥርሶቻቸው ደግሞ እርስ በርስ ተጠላልፈው እንደ ተጣሉ ድመቶች አልላቀቅ አሉ። አባባ ለአንዲት የመሸንቲ መንደር ሙሽራ አልጋ ሊሠሩ ቃል ሰጥተው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሲሞርዱ ዋሉ፣ ሙሽራዋም መደብ ላይ ተኛች ተባለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ መሸንቲን ሳልፍ አንገቴን እሰብራለሁ።

በሦስተኛው ቀን አባባ ጠሩኝ። «ነይ፣ ጣትሽን አምጪ።» መጋዙ በእጃቸው ነው! እጄን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ ጩኸቴን አቀለጥሁት፤ እናቴ ከጓዳ እየሮጠች መጣች፣ አባባ ግን ሳቃቸው አላናግር አላቸው። ለካ ሳጥን ሊሠሩ ኖሯል። ጣቴን ሳንቃው ላይ አስተኝተው ግራና ቀኙን በከሰል አሰመሩ፣ በዚያው ስፋት አምስት ቦይ ፈለፈሉ። እያንዳንዱ መጋዝ ኑግ ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ በየቦዩ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የብርጭቆ ወረቀቱም በሁለት ጣውላ መሐል ተኝቶ ድንጋይ ተጫነበት። ከዚያ ወዲያ «የመጋዞቹ እመቤት» ተባልሁ፤ ማታ ማታ እየጠረግሁ ወደየቤታቸው የማስገባቸው እኔ ነበርሁ።

ያን ሳጥን ምስጥ በላው። ቤቱም ፈረሰ፤ አባባም ካለፉ ስንት ክረምት። የእጃቸው ሥራ የሆነ አንዲት መቀመጫ ዱካ እንኳ አልቀረችኝም። እውነቱን ልናገርና ለሰብለ ምላጭ አልነበረም ያ ሁሉ ጉድ ጉድ፤ ሳልሞት ያን ሳጥን አንዴ ባየው ብዬ ነው።

እናም ሰብለን ሳንቃ አስመረጥኋት፣ ተቀመጥሁ፣ ጣቴን አስተኝቼ በከሰል አሰመርሁ። «እማምዬ፣ ሰፋ አላለም?» ስትለኝ «ዝም በይ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው!» አልኋት። ምስኪን፣ ለስምንቱ ምላጮቿ ስምንት ቦይ ፈለፈለች። ምላጮቹን በዘይት ጨርቅ ጠቅልለን ብናቆማቸው አንዱ በሌላው ላይ እየተጋደመ፣ በመጨረሻ ሁሉም ግራ ጎናቸውን ይዘው ተኙ። ጣቴን አየሁት፤ አንጓው ያበጠ፣ ወፍራም፣ የባልቴት ጣት። የአባባ ልክ የስድስት ዓመት ልጅ ጣት ነበረ። ያቺን ጣት ከየት አመጣለሁ? ሰብለ ግን ደኅና ልጅ ናት። ቀጫጭን የኮምፔርሳቶ ጣውላ እየቆረጠች በየቦዩ ጎን ሸጎጠችበት፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡኒ፣ አንዱም የአሮጌ ቁም ሣጥን ቀለም ያለበት። ምላጮቹ ቀጥ አሉ። ወረቀቱንም ጣውላ ጭነን አስተኛነው።

በማግሥቱ ጎረቤቴን ዘይነባን ይዣት ሄድሁ፤ ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ ዓይኗ ስፌት ያጣመመ ሰው አያልፍም፣ ከልጅነታችን ጀምሮም አንድም ቀን አሞግሳኝ አታውቅ። «የአባባ ሳጥን ይኸውልሽ» አልኋት። ዞር ዞር ብላ አየችው፣ አንዱን ምላጭ አውጥታ መለሰችው።

«አባትሽ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር አልሠሩም» አለችኝ። «ይኼ ያንቺ ነው፤ በሳቸው አታሳብቢ።»