ልጇን ወንዝ ማዶ የዳረችው ኡምኩልሱም

ኡምኩልሱም ልጇን ረቢአን ቦርከና ማዶ ስትድር መንደሩ ጉድ አለ። በጨፋ ሜዳ ዳር ባለችው በእነሱ መንደር ወንዝ አሻግሮ ሴት ልጅ መዳር አልተለመደም፤ ድሮ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃው መንገዱን ዘግቶ እናትና ልጅ ሳይተያዩ ይከርሙ ነበርና። ኡምኩልሱም ግን ማን ደፍሮ ይመልሳታል! «ድልድይ እያለ ምኑ ነው ማዶ?» ብላ ሽማግሌዎቹን አፋቸውን አስያዘቻቸው።

በድልድዩ ብትመካ አይፈረድባትም። ሲሠራ ገና ሙሽራ ነበረች፤ አሸዋ ተሸክማበታለች። ሟች ባሏ ዘይኑ ድንጋይ ሲፈልጥ አንድ ጣቱን እዚያው ትቷል። ከዚያ ወዲህ ድልድዩን እንደ ግል ንብረቷ ታየው ነበር። ከሰንበቴ ገበያ የሚመለስ ነጋዴ ግመሉ በድልድዩ መከታ ላይ ሲታከክበት ካየች አለቀለት፤ የምትሰድበውን ስድብ እዚህ መጻፍ ነውር ነው።

በሰማንያ ሁለት መስከረም ረቢአ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳ ነበር። ባሏን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ደብዛው ጠፍቷል። በወጉ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ሴቲቱ ከመውጣቷ በፊት ግን ሐሙስ ማታ የባሏ ቤተሰብ ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ስብሰባ ተቀምጦ ዱዓ ያደርግላታል፣ አዛውንቶቹም መርቀው ይሸኟታል።

በዚያው ሳምንት ከግንባር የሚያፈገፍጉ የመንግሥት ወታደሮች ድልድዩ ላይ ሰፈሩ። ሳጥን ያወርዳሉ፤ ከሥሩ ገብተው ይቆፍራሉ። ማክሰኞ ዕለት የረቢአ አማት ዑመር ተሻግሮ መጣ።

«እቴ ኡምኩልሱም፣ ይኸ ነገር አላማረኝም። ልጅቷን ዛሬውኑ ላምጣልሽ።»

«ያለ ዱዓ? እንደ ተባረረች ሴት?» አለች ቆጣ ብላ። «ሐሙስን ምን ራቀው? ወታደሮቹ ድልድዩን ሊጠብቁት ነው የመጡት። ይኸን የመሰለ ድንጋይ ማን ይነካዋል?»

ዑመር ጨዋ ሰው ነው፤ ከእናቷ ጋር መጨቃጨቁን ነውር አድርጎ ቆጠረው። «ኸይር ያርገው» ብሎ ተመለሰ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ከወንዙ በኩል ፍንዳታ ተሰማና ምድር ተንቀጠቀጠች። ኡምኩልሱም ሮጣ ወንዙ ጋ ስትደርስ ወታደሮቹ መኪና ላይ ተሳፍረው እየሄዱ ነበር። ከድልድዩ የቀረው በሁለቱ ዳርቻ የቆመ ጉማጅ ብቻ ነው፤ መሃሉን ውሃ ውጦታል። ያን ሁሉ ላብ የፈሰሰበትን ነገር ለማፍረስ አንድ አፍታ በቃ። ለማን ይጮኻል? ዘመኑ የጠመንጃ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዑመር ከማዶ ሆኖ ተጣራ። «ምጥ ይዟታል! ዱዓ አርጉልን!»

ኡምኩልሱም መቀነቷን አጥብቃ ሙላቱ ውስጥ ገባች፤ ጎረቤቶቿ ጎትተው አወጧት። በዋና የሚታወቀው ዩሱፍ ወገቡን በገመድ ታስሮ ሞከረ፤ ወንዙ ሲያንገላታው ቆይቶ እዚሁ ዳር መልሶ ጣለው። ከእሱ በኋላ የደፈረ የለም፤ ማንስ ይፈርድባቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ከማዶ እልልታ ተሰማ። «ያ ረቢ፣ ሹክር!» ብላ መሬት ሳመች፤ ያገኘችውን ሁሉ እያቀፈች አለቀሰች። እልልታው ግን ቶሎ ተቋረጠ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ከዑመር ግቢ ወጡና ወደ መቃብሩ ጉብታ አቀኑ። ለሕፃን ቃሬዛ አይወጣም።

በአገሩ ልማድ ሴት ቀብር አትወጣም፤ የልጇን ገላ አጥባ መሸኘት ግን የእናት ነው። ይህን ማንም አይነፍጋትም ነበር። ማክሰኞ ዕለት እምቢ ብላ ራሷን የነፈገችው ራሷ ናት፤ አንጀቷን የቆረጣትም ይኸው ነው። ጉማጁ ድንጋይ ላይ ወጥታ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«ገላዋን ማን አጠበው?»

የዑመር ሚስት ዓዲላ ወደ ውሃው ቀረበች። «እኔ ነኝ! በእጄ!»

«ፀጉሯንስ?»

«ጎንጉኜላታለሁ፣ ኦቦሌቲ ኮ! ጎንጉኜላታለሁ፣ እህቴ!»

«ውሃውን ለብ አድርገሽዋል? ብርድ አትችልም እኮ ልጄ!»

ዓዲላ አንገቷን ደፋች። ኡምኩልሱምም ደግማ አልጠየቀቻትም።