የማን ባህር ዛፍ

የዚያን ቀን ጅልነቴ የጀመረው ጠዋት፣ ገና ጫማዬን ሳላስር ነው። የስምንት ዓመቷ ልጄ፣ «አባባ፣ ኢትዮጵያዊ ነን ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አስተማሪዋ ሲያስዘምሯቸው ከርመዋል እንጂ ትርጉሙን አልነገሯቸውም። «እናትሽን ጠይቂ» ብዬ ብወጣ ምን ነበረበት? እኔ ግን ያን ጊዜ አዋቂ ነበርኩ፤ አሁን ተሽሎኛል። የቡራዩ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ፣ ያውም ከረባት ያሰርኩ፣ በልጅ ጥያቄ ልሸነፍ?

«አገሩ የእኛ ነው ማለት ነው» አልኳት።

ታናሽ ወንድሟ ከአልጋው ሆኖ፣ «ምኑ?» አለ።

«ሁሉም! ተራራው፣ ውሃው፣ ዛፉ። የአንተም የእሷም ነው።»

በራሴ ንግግር ተደስቼ እያፏጨሁ ቢሮ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ እያለከለከች መጣች። «ልጆችህ ጫካው ውስጥ ዛፍ ቆርጠው ተይዘዋል» አለች። ልጆቹ የእኔ ብቻ የሚሆኑት ሲያጠፉ ነው።

ከገፈርሳ በታች ያለው የባህር ዛፍ ጫካ የአንድ ትልቅ ሰው ርስት ነበር። ተከራይተን የምንኖርባት ቤትም የቆመችው በእሳቸው መሬት ላይ ነው። ወኪላቸው ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤታችንን «ውጣ» ብሎ በአፉ ብቻ አስወጥቶታል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ተማሪዎች ስለ መሬት እየጮኹ ሰልፍ የሚወጡበት ጊዜ ነው። «አገሩ የእኛ ነው» የሚል ቃል ከእኔ ቤት ወጣ ከተባለ፣ ማታውኑ ዕቃችን መንገድ ላይ ነው። ይህን እያሰብኩ ከባለቤቴ ጋር ስሮጥ ከረባቴ ትከሻዬ ላይ ይውለበለባል።

ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው እንደ ክንዴ የቀጠነ ባህር ዛፍ ተጋድሟል፤ ግቢያችን ውስጥ ባንዲራ ሊሰቅሉበት ኖሯል። የጫካው ዘበኛ፣ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ የሚላቸው ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተደግፈው መንገድ መንገዱን ያያሉ።

«ኦቦ፣ ስለ እግዜር ይልቀቋቸው!»

«ወደ ወኪሉ ሰው ልኬያለሁ እኮ! ምን ላድርግ? ዛፉ የማን ነው ብላት፣ ልጅህ 'የእኛ ነው' አለችኝ። ከተወለድኩ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም።»

ጂፑ ደረሰ። ወኪሉ ወርዶ ዛፉን በጫማው ገፋ፤ እኔን አልፎ ልጄ ፊት ቆመ።

«'የእኛ ነው' ብለሻል አሉ። ማን አስተማረሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን ሳል ብቻ ነው። ልጄ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች።

«ማንም» አለች።

«ፖሊስ ጣቢያ ትናገራላችሁ!» ብሎ የትንሹን ክንድ ያዘ። ልጁ ማልቀስ ጀመረ፤ አፉን ሲከፍት «አባባ ነው» ሊል እንደሆነ ገባኝ።

«እኔ...» አልኩ። የጫጩት ድምፅ ነው የወጣኝ።

ኦቦ ቀደሙኝ። «ጌታዬ፣ ኢጆሌ ናቸው፤ ልጆች! ዛፉን ነፋስ ነው የጣለው። ውሰዱት ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ረስቼው ነው ሰው የላክሁት። እርጅና ነው።»

ወኪሉ ጉቶውን አየ። «ዘንድሮ ነፋሱ መጥረቢያ ይዞ ነው እንዴ የሚመጣው?»

ኦቦ ዓይናቸውን አልሰበሩም። ባለቤቴ ክንዴን በጥፍሯ ጨምድዳ ይዛለች። ወኪሉ እኔንም እሳቸውንም በየተራ አየንና የልጁን ክንድ ለቀቀ።

«ሌላ አንድ ዛፍ ቢጎድል፣ ከጎጆህ የምትወጣው አንተ ነህ» አላቸው። ጂፑ ሄደ።

ኦቦ እግር ላይ ልወድቅ ስል ዱላቸውን ዘርግተው ከለከሉኝ።

«ተወው። ይልቅ ልጆችህን ያስተማርከውን ለእኔም አስተምረኝ። አባቴ የተቀበረው እዚያ ማዶ ነው። ይህን ጫካ የተከልኩት በእጄ ነው። ከዚህ ሁሉ የእኔ የቱ ነው?»

ልጄም አፌን አፌን ታያለች።

«እሁድ መጥቼ አስረዳዎታለሁ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ወደ ገበያ ስሄድ በላይኛው መንገድ መዞር ለመድኩ። ቢሆንም አንዳንዴ ፊት ለፊት እንገጣጠማለን። «አካም ጅርታ?» ብለው ደኅንነቴን ከጠየቁ በኋላ ፈገግ ይሉና፣ «የትኛው እሁድ ነበር ያልከኝ?» ይላሉ። ያቺ መልስ እስከ ዛሬ አለችብኝ።