ሰኞ ማክሰኞ እስከ ገበያው ድረስ

ግድግዳ ሊቀቡ ኖራ ሲበጠብጡ ሽታው አፍንጫዬን ከመታኝ ብቸና ትመጣብኛለች፤ ያቺ ገበያዋ ጭር ያለባት፣ ልጆቿ ከደጅ የጠፉባት ብቸና። ኮሮና የገባ ሰሞን ነው። ዛሬ ሰው «ያኔ ሁላችንም ቤታችን ተቀምጠን ነበር» ሲል ስሰማ እስቃለሁ። እኛስ አልተቀመጥንም!

ታናሽ እህቴ ግን ተቀምጣ ነበር። ስድስት ዓመቷ ነበር። ስልክ ሲደወል ከጥሪው በፊት ስለ በሽታው የምታስጠነቅቀው ሴትዮ ደጅ ቆማ የምትጠብቃት መሰላት፤ ከዚያ ወዲህ ደፉን አልረግጥም አለች። መሳቅ ተወች፣ መብላት ቀነሰች። ጎረቤቶቻችን «ፈሪ ለእናቱ ነው» እያሉ ያወድሷት ነበር። ለእናቴማ ምን ተረፋት? ጉርሻ በእጇ ይዛ ስትለማመጣት ትውላለች። እኔን የሚያናድደኝ በሽታው ሳይሆን ይሄ ውዳሴ ነበር።

ከሞጣ የመጣ የሥዕል መምህር ነበረን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አገሩ አልገባም። አንድ ጠዋት በየደጃፉ እየዞረ በጣሳ ኖራ አስቀመጠልን። ራቅ ብሎ ቆሞ፣ «ከበርሽ ጀምረሽ ሰኞ ማክሰኞ ሥሪ» አለኝ። «ሌሎቹም ከየበራቸው ይሠራሉ፤ ገበያው ላይ ትገናኛላችሁ። ሳጥኑ ሰፊ ይሁን፤ ባንድ ሳጥን አንድ ልጅ ብቻ!»

ሠራን። መስመሩ ከየበሩ እየወጣ በየመንገዱ ተጠማዘዘ። አንዷ ዓርብን ዓሣ አደረገቻት፤ አንዱ እሑድ ላይ በግ ሣለ፤ በጉ ግን ውሻ ይመስል ነበር። በአንድ እግራችን እየዘለልን ገበያው ደረስን። ባዶው ሜዳ በጠጠርና በሳቅ ድምፅ ሞላ።

በማግሥቱ አንዲት እማሆይ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ መስመራችንን አዩና፣ «እሰይ! መንግሥት መርገጫ ሠራልን» አሉ። የጤና ጥበቃ ትእዛዝ መስሏቸው ከሳጥን ሳጥን በጥንቃቄ ይራመዱ ጀመር። ከኋላቸው የመጣው ሁሉ እሳቸውን እያየ ተከተለ። ሽማግሌ ሳይቀር ሐሙስ ላይ ቆሞ ዓርብ እስኪለቀቅለት ይጠብቃል። እኛ ሳቃችንን አፈንን።

የቀበሌው ደንብ አስከባሪ እየተቆጣ መጣ። «ማን ፈቀደላችሁ? ሰው ልትሰበስቡ ነው?»

መምህራችን፣ «እስኪ የተጠጋጋ ሰው አሳየኝ» አለው።

ሰውየው መስመሩን በጫማው ያጠፋው ጀመር፤ ያውም እኛ በር ላይ ካለችው ሰኞ ጀምሮ። እህቴ በበሩ ስንጥቅ ታይ ኖሯል። በሩ ተበረገደ።

«ተው! ተራዬ ነው!»

በባዶ እግሯ መጥታ ሰኞ ላይ ቆመች፣ ከጫማው ፊት። አልሸሸችም። እማሆይም ካሉበት ሳጥን ሆነው፣ «የመንግሥትን ትእዛዝ ታጠፋለህ? በስመ አብ!» ብለው ጮኹበት። ሰውየው ወደ እሳቸው አየ፣ ወደ እሷ አየ። «ዝናቡ ያጠፋዋል» ብሎ ሄደ። እህቴ በአንድ እግሯ ዘለለች፤ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። እውነትም ዝናቡ አጠፋው። እኛም ደግመን ሠራነው፤ ደግሞ ሲያጠፋው፣ ደግመን።

መምህራችን በኋላ ወደ ሞጣ ተዛወረ። በእኛ በር የሚያልፈው መንገድም ድንጋይ ተነጥፎበታል።

በቀደም ይህንን ሁሉ ለእህቴ ነገርኳት። አሁን ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ደርሷል። አንዱንም አታስታውሰውም።

«እኔ?» አለችኝ ከት ብላ እየሳቀች። «እኔ መቼ ፈርቼ አውቃለሁ?»

ጓደኞቿ ከውጭ ሲጠሯት በሩን ሳትዘጋ ሮጠች፤ እኔም እንደተከፈተ ተውኩት።