ያለ እጃቸው የገባው ሙዚቃ

የቲያትር ቤታችን የሙዚቃ መሪ ማኤስትሮ ኤጂዲዮ ማልቬዚ፣ አንድ ማለዳ ማንም የሚያያቸው ሳይመስላቸው ከመድረኩ ፊት ወዳለችው ጠባብ ጉድጓድ ጎንበስ ብለው ገቡ። በውስጧ ያለውን ወንበር በመሐረባቸው ጠረጉ፤ የገዛ ኮታቸውንም አጥፈው መደገፊያው ላይ አኖሩ። ወንበሩ የኤርሜሊንዳ ነው። ለዘፋኞች ቃል እያስታወሰች ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ተቀምጣ ወገቧ ተጎድቷል። እኔ ከኅብር ዘፋኞቹ አንዱ ስሆን፣ ይህን ያየሁት ቀድሜ መጥቼ ከመጋረጃው ኋላ ጸሎቴን ሳደርስ ነው።

ማኤስትሮ ኤጂዲዮ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ናቸው። የመሪነቱን በትር ከመጨበጣቸው በፊት አሥራ አንድ ዓመት ዘፋኞችን በፒያኖ አለማምደዋል። ስለዚህ ሙያውን የተማሩት ከእጅ ሳይሆን ከትንፋሽ ነው።

«ዘፋኟ አየር ስትስብ አንተም ሳብ» ይላሉ ለጀማሪ። «እጅህ ከትንፋሿ እኩል ይውረድ። ብትቀድማትም ገደልካት፣ ብትዘገይባትም ገደልካት።»

እሳቸው አየር ሲስቡ ስልሳው የኦርኬስትራ ሰው አብሯቸው ይስባል። ይህን ከአምላክ የተሰጣቸው መክሊት አድርገው ያዩታል፤ እኔም እንደዚያው ነው የማየው።

ከሁለት ዓመት በፊት ታመው ከተነሡ ወዲህ ግራ ጆሯቸው ከብዷቸዋል። ለማንም አልተናገሩም። ጆሮ ቢደክም ትንፋሽ በዓይን ይታያል ብለው ተጽናኑ። ደግሞም በጣልያን አገር በፖ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን፣ ላይኛው ፎቅ የሚቀመጡት ሥጋ ሻጮችና ባቡር ነጂዎች ኦፔራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃላቸው ያውቁታል። መሪው ግማሽ ትንፋሽ ቢዘገይ ያፏጫሉ፤ የተፏጨበት መሪ ተመልሶ አይጠራም። በሳቸው ላይ ግን ማንም አላፏጨም። እንግዲያው ደህና ነኝ አሉ።

ትዕይንቱ ሐሙስ ሊከፈት፣ ሰኞ ዕለት ሦስተኛውን ክፍል እንለማመድ ነበር። ፊያሜታ የምትባለው ዘፋኝ አንድ ከፍ ያለ ድምፅ ይዛ የምትቆይበት ቦታ አለ። ኦርኬስትራው ጸጥ ይላል። የምትለቀው ደስ ሲላት ነው፤ ያን ጊዜ የመሪው እጅ ይወርድና ስልሳው ሰው እንደ አንድ ሰው ይገባል። የሚቆጠር ምት የለም፣ የሚታመነው ያ እጅ ብቻ ነው።

ማኤስትሮ እጃቸውን አነሡ። የእጅጌያቸው ቁልፍ ከኖታ ማስቀመጫው መብራት ሽቦ ጋር ተያዘ። ሊያላቅቁ ሲታገሉ ፊያሜታ ድምፁን ለቀቀች።

ኦርኬስትራው ገባ። አንድም ሰው አልተሳሳተም።

ማኤስትሮ ኤጂዲዮ እጅጌያቸውን ከሽቦው አላቀቁ። ከዚያ ቀስ ብለው «እንደገና፣ ከዚያው» አሉ። በዚህኛው ጊዜ እጃቸውን ሆን ብለው ኪሳቸው ከተቱ። ፊያሜታ ያዘች፣ ለቀቀች፤ ኦርኬስትራው ያለ እንከን ገባ። የዘፋኟ ዓይን ወደ ጉድጓዷ ነበር። የስልሳው ሰው ዓይን ደግሞ በመጀመሪያው ቫዮሊን ተጫዋች፣ በታንክሬዲ ክንድ ላይ።

«ታንክሬዲ፣ ማነው ያስገባህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ማኤስትሮ።»

«እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

ከወደ ኋላ አንዱ «ኪስዎም ቢሆን ደህና አድርጎ ይመራል» አለ። የሳቀ አልነበረም።

ኤርሜሊንዳ ወገቧን ይዛ ከጉድጓዷ ወጣች። «ልጁን ተወው ኤጂዲዮ፣ እኔን ጠይቀኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሆስፒታል ከወጣህ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ግማሽ ትንፋሽ ትዘገያለህ። ሁልጊዜ አይደለም፣ አንዳንዴ ነው። የትኛው ቀን እንደሆነ ስለማናውቅ ሁልጊዜ እንጠብቃለን። እኔ ለዘፋኞቹ መግቢያቸውን በእጄ አሳያለሁ፣ ታንክሬዲ የዘፋኟን ትንፋሽ እያየ ለኦርኬስትራው።»

«አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?»

«ማን ይንገርህ? አንተ ያላስተማርከው እዚህ ማን አለ?»

ማኤስትሮ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው የሰው ዕቃ እንደሚያይ ሰው አዩት። የሁለት ዓመት ጭብጨባ፣ ያ ሁሉ እጅ መንሣት፣ የማን ነበር? ፊያሜታ ውሃ አመጣችላቸው። «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» ብለው ብርጭቆውን ሳይቀምሱት ያዙት።

ልምምዱ በዚያው ተበተነ። እኔ ኮቴን ስፈልግ ማኤስትሮ ኤጂዲዮ በር ላይ ጠበቁኝ። ብርጭቆው አሁንም በእጃቸው ነበር።

«ነገ ሙሉ ልምምድ ነው» አሉኝ። «ኤርሜሊንዳ ቃል ብቻ እንድትሰጥ፣ ታንክሬዲም እኔን ብቻ እንዲያይ ለምኛቸው እሺ ብለዋል። ግን ስለሚወዱኝ እውነቱን አይነግሩኝም። አንተ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስለምትቆም ፊት ለፊት ታየኛለህ። እባክህ ፊያሜታ ድምፁን የምትይዝበት ቦታ ሲደርስ መዝፈኑን ተወውና እጄንና ትከሻዋን ብቻ ተመልከትልኝ። ከዘገየሁ ዘግይተዋል በለኝ፣ ሐሙስ በቦታዬ ሌላ ሰው ይቁም። እግዜርን ትፈራለህ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንግዲህ አትዘንልኝ። ታደርግልኛለህ?»