የላይኛው ምንጭ ስም

በሽምግልናዬ የጀመርሁት ሥራ የመንደራችንን መሬትና ውሃ ስም በድምፅ መቅዳት ነው። የእርሻውን፣ የድንበሩንና የግጦሹን ስም ወንዶቹ ነገሩኝ፤ አሁን ከአገር ቤት ርቀን በምንኖርባት አፉላ መሀል ከተማ ከባንኩ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው፣ እየተከራከሩ። የምንጮቹ ስም ግን የሴቶች ሀብት ነበር። እንስራ ያልተሸከመ ወንድ ምንጭን በስሙ መጥራት ከወዴት ይማራል? ከመንደራችን ሴቶች ደግሞ ዛሬ በሕይወት ያሉት ታላቅ እህቴ ብቻ ናቸው።

ከሁሉ አብልጬ የምሻው አንድ ስም ነበር። እናታችን የተቀበሩት ከላይኛው ምንጭ ማዶ፣ ከውሃው ራቅ ብሎ ነው፤ በመቃብራቸው ላይ ጽሕፈት የለም። ልጆቻችን አንድ ቀን አገር ቤት ቢሄዱ ምን ብለው ይጠይቃሉ? ከቄሶቻችን እግር ሥር ተቀምጬ የተማርሁትን ዳዊት እስከ ዛሬ በቃሌ እደግማለሁ፤ የዚያን ምንጭ ስም ግን አላውቀውም።

«እትዬ፣ በሐሳብዎ ከቤታችን ይነሡና ወደ ውሃው ይሂዱልኝ» አልኋቸው፣ ስልኬን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አኑሬ።

ተቆጡ።

«አንተ! ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረህ አስቀምጠኸኝ በየት ልሂድ? ተራራው በየት ነው?»

እውነታቸውን ነበር። ከቤታችን በር ስንወጣ ተራራው በግራ እጃችን ነበር። ወንበራቸውን ወደ ሚርፔሴቱ፣ ወደ ሰገነቱ አውጥቼ፣ የአፉላው ኮረብታ፣ ጊቭዓት ሃሞሬ፣ በግራቸው እስኪውል ድረስ አዞርሁት። ፀሐይ ዓይናቸውን ብትወጋቸውም አልተነቃነቁም። ባቡር በሩቁ ሲያልፍ ይሰማኛል፤ እርሳቸው ግን መንገድ ጀምረዋል።

«ይኸ ዋንዛው። ከዋንዛው በታች ቄጤማው፤ ቄጤማ የበቀለበት መሬት አይታመንም፣ ከብት ይውጣል። ከዚያ ሰፌድ ድንጋይ። ሲመሽ፣ መንጻታችን ሲደርስ እዚያ ነበር የምንታጠብ። የመጠጡ ውሃ ከላይ ነው።»

«የላይኛው ማን ይባላል?»

«ዝንጀሮ ውሃ!» አሉና በሳቅ ፈነዱ። «በጋው ሲከፋ ዝንጀሮዎቹ በጥፍራቸው ይቆፍሩታል። እነሱ ከቆፈሩበት ውሃ አይታጣም። አንተ መምህሩ፣ ዳዊቱ ይኸን አልነገረህም?»

እኔም ሳቅሁ፤ ፈጣሪዬንም አመሰገንሁ። «እንግዲህ መቃብሩንም በእርስዎ ድምፅ ይንገሩልኝ» አልሁ።

ሳቃቸው ቆመ።

«እኔ መች አየሁት? አራስ ነበርሁ። ከአራስ ጎጆ ሆኜ ልቅሶውን ሰማሁ እንጂ። የመንጻት ቀኔ ሳይሞላ ማን ያስወጣኛል? የሞላ ዕለት የባሌ ወገኖች በቅሎ ይዘው መጡ፤ በዚያው ወሰዱኝ።»

ዕድሜያችንን ሙሉ ስለ እናታችን ስናወራ ኖረናል፤ ይህን ከአፋቸው የሰማሁት ግን ያን ዕለት ነው። የመቃብሩ መንገድ ለእርሳቸው ከምንጩ ላይ ያበቃ ነበር።

«ይኸው ዝንጀሮ ውሃ ላይ ቆሜአለሁ» አሉ፣ ፊታቸውን ከፀሐይዋ ሳያዞሩ። «አንተ ቀብረሃቸዋል። ውሰደኝ።»

ወንበሬን እንደ ወንበራቸው አዙሬ ከጎናቸው ተቀመጥሁ።

«ምንጩን በቀኝ ይተዉት» አልኋቸው። «ዳገት ነው፣ ቀስ ይበሉ። ከፊትዎ ወይራ ያያሉ።»

«ጥላ አለው?»

«አለው፣ እትዬ። ከሰዓት በኋላ ጥላው እናታችን ላይ ያርፋል።»